ሟቹ ባለጋሪ በጥር የሰጡት ቃል

ወይዘሮ አልጣሽ ለመደንገጥ ምክንያት የማይቸግራቸው ሴት ናቸው። ስልክ ከመሸ ከጮኸ ሰው ሞቷል ይላሉ፤ ዝናብ ከጠና ጣሪያው ሊሄድ ነው ይላሉ፤ የልጅ ልጃቸው ሮሐ ትንሽ ከዘገየች ባጃጅ ገልብጧታል ብለው በር ላይ ይቆማሉ። የሮሐ እናት ለሥራ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸውና፣ ድንጋጤው ሁሉ ተጠቃሎ እሷ ላይ አርፏል።

ያን ዕለት ረፋድ ሮሐ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሳ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ በደረቷ ስትደፋ፣ ወይዘሮ አልጣሽ የሚለቅሙትን ምስር ከነሰፌዱ መሬት አስቀመጡት።

«ማነው የነካሽ?»

«ማንም አልነካኝም።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም፣ እማምዬ። ምረቃው ቀረ። በቃ ይኸው ነው።»

ወይዘሮ አልጣሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የሮሐ ጽሑፍ ደግሞ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት አሰላ ውስጥ ሰውም እህልም ያመላልሱ ስለነበሩት የፈረስ ጋሪዎች ነው። ሰኞ በመምህራን ፊት ቆማ ታቀርበዋለች። ከዚያ በፊት ግን አማካሪዋ መምህር ፍሰሐ መፈረም አለበት፤ ካልፈረመ አትቀርብም፣ ካልቀረበች አትመረቅም።

ነገሩን ከአፏ እየጎተቱ አወጡት። መምህሩ ጽሑፉን አንብቦ ሦስተኛውን ምዕራፍ በጣም ወዶት ኖሯል። ምዕራፉ ባለጋሪዎቹ ለሰው ቀብር ሳይሆን ለፈረሶቻቸው ብለው ስላቋቋሙት እድር ነው። ቃሉን የሰጡት አቶ ሀይሉ የሚባሉ አሮጌ ባለጋሪ ናቸው ተብሎ ተጽፏል። መምህሩ ታዲያ ዛሬ ደስ ብሎት፣ እኚህን ሽማግሌ ውሰጂኝና እኔም ላነጋግራቸው ይላታል።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ሞተዋል አልኩት።»

«እውነትሽን ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

«መቼ? አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት አልኩት።» ሮሐ ፊቷን ከትራሱ አነሳች። «ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለውን የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥ ገልጦ አሳየኝ። ሀይሉ፣ አሰላ፣ ቃል የሰጡበት ወር ጥር፣ ዘንድሮ። የሞተ ሰው ዘንድሮ ጥር ላይ እንዴት አነጋገርሽ? አለኝ። እንግዲያው ፈጥረሽ ጽፈሻል ማለት ነው አለ። ማስረጃ ካላመጣሁ አይፈርምም። ያ ምዕራፍ ከወጣ ደግሞ ጽሑፍ የለኝም።»

ያ ስም ሠንጠረዡ ውስጥ እንዴት እንደገባ ከወይዘሮ አልጣሽ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በጥር ሮሐ ስልኳን መቅጃ ላይ አድርጋ ፊታቸው ስትቀመጥ፣ የፈረሱን እድር ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ሀይሉ አጥር ለአጥር ጎረቤታቸው ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚህ በረንዳ ላይ አረፍ ብለው ያንኑ ታሪክ ሲደጋግሙት ኖረዋል። ወይዘሮ አልጣሽ ለሮሐ ነግረው ሲጨርሱ ታዲያ አስጠነቀቋት። «የእኔን ስም እንዳታስገቢ። ይሄ የጋሽ ሀይሉ ቃል ነው። የሰው ቃል በስሜ አስጽፌ ነገ ልጆቻቸው ምን ይሉኛል?» ሮሐም የታዘዘችውን አደረገች። ስሙን የጋሽ ሀይሉን ጻፈች፤ ቀኑን ግን አያቷ የተናገሩበትን።

«ታዲያ አያቴ ናቸው የነገሩኝ አትይውም ነበር?»

«አያቷ የነገረቻትን ተረት ጻፈች እንዲሉኝ ነው?»

ወይዘሮ አልጣሽ ተነስተው ነጠላቸውን ፈለጉ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«መምህርሽ ጋ።»

«እማምዬ፣ በእግዚአብሔር። አያቷን ይዛ መጣች ይሉኛል። አራተኛ ዓመት ነኝ እኮ፤ ኬጂ አይደለሁም።»

«አንቺ ቅሪ። ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ።»

ከበር እንደወጡ የሁሴኖን ባጃጅ አገኙ። ሁሴኖ የሰፈር ሰው ነው፤ ሃምሳውን ያለፈ፣ የሚያውቀው ትልቅ ሰው ሲገባ ሙዚቃውን የሚቀንስ። ገና ሳይነሱ ሮሐ ወረቀቷን እንደታቀፈች ሮጣ ከጎናቸው ገባች።

«አካም፣ አዴ አልጣሽ? ፊትዎ ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የሞተውስ ድሮ ነው፤ ጣጣው ነው አሁን የመጣ። ዝም ብለህ ንዳ።»

መንገዱን ሁሉ የሚሉትን አሰናዱ። በመጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የሮሐ ጸባይ፣ ከዚያ የእናቷ ስደት፣ እምቢ ካለም እግሩ ላይ መውደቅ። መምህር ፍሰሐን ያሰቡት ሸምገል ያለ፣ ቁጡ ሰው አድርገው ነበር። ያገኙት ግን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ የአሰላ ብርድ አልለመደውም፣ ከጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጧል። ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሳ።

«ልጄ አልዋሸችም» አሉ ገና በሩ ላይ፣ ያሰናዱት ሁሉ ጠፍቶባቸው። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እኔም አልዋሸሁም። የተናገሩት ጋሽ ሀይሉ ናቸው፤ ግን ለሷ አይደለም፣ ለእኔ ነው። በሕይወት ሳሉ።»

መምህሩ ሮሐን አየ፣ መልሶ እሳቸውን አየ። «እማማ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«እርስዎ ከፈረሙላት እቀመጣለሁ።»

«አንተ ይበሉኝ። ይቀመጡና ይንገሩኝ። ፈረሱ ምን ሆነ?»

ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ ፈረሱ መጠየቁ ገረማቸውና ተቀመጡ። ፈረሱ የጋሽ ሀይሉ ዳማ፣ ቡናማው ፈረስ ነው። ክረምት ላይ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ጭቃ አንሸራቶት እግሩ ተሰበረ። ፈረስ የሌለው ባለጋሪ ደግሞ ቆርቆሮና እንጨት ነው ያለው። ባልደረቦቻቸው ተሰብስበው፣ ጋሽ ሀይሉ ሌላ ፈረስ እስኪገዙ ድረስ እያንዳንዳቸው ከዕለት ሥራቸው የአንዷን ጉዞ ገቢ ሊሰጧቸው ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ፤ ዳኛም ተመረጠ። ፈረሱን በጅራፍ ያቆሰለ ከእድሩ ይወጣል፤ የታመመ ፈረስ ጋሪ ላይ ያሰረ ይቀጣል። ወይዘሮ አልጣሽ ወሬው እየሞቃቸው ሄዶ፣ ልክ ጋሽ ሀይሉ እንደሚያደርጉት በምላሳቸው የኮቴ ድምፅ እስከማሰማት ደረሱ። ሮሐ በኀፍረት ጣሪያ ጣሪያውን አየች። መምህሩ ግን ጽሑፉን ገልጦ በጣቱ እየተከተላቸው ነበር።

«ምንም አልጎደለም» አለ ሲጨርሱ። «ሮሐ፣ ድምፃቸው አለሽ?»

«ስልኬ ላይ አለ።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

ሮሐ አንገቷን ደፋች። «አያቴ ነገሩኝ ማለት... እንደ ምንጭ የሚቆጠር አልመሰለኝም።»

መምህር ፍሰሐ የተንሸራተተ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ሳቀ።

«ይቆጠራል እንጂ። የተሳሳተው ስሙ ነው፣ ታሪኩ አይደለም። አየሽ፣ ይሄን ያነበበ ሰው ተጠራጥሮ ሄጄ ልጠይቅ ቢል የት ይደርሳል? በጻፍሽለት ከሄደ መቃብር ነው የሚደርሰው። መድረስ ያለበት እማማ በር ላይ ነው።»

«ይምጣ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «የመጣ ሰው መቼ መለስኩና።» ወዲያው ደግሞ ሌላ ስጋት መጣባቸው። «ግን የሟችን ቃል ወስዳ የራሷ አደረገች አልባልም?»

«የለም። ጋሽ ሀይሉ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ይገባሉ፤ ሀይሉ ለጎረቤታቸው እንደተናገሩት ተብሎ። እርስዎ ከገጹ ግርጌ ነዎት፤ ከሀይሉ ሰምተው መናገርዎ ተገልጾ።»

«ከታች?»

«ከታች። በትንንሽ ፊደል።»

«እሱስ ደግ ነው» አሉ፣ ትከሻቸው ሲወርድ እየታወቃቸው። ከዋናው ቃል ዝቅ ብሎ፣ አንገት ደፍቶ የሚቀመጥ ስም። ይሄን የመሰለ ጨዋ ቦታ መኖሩን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ በጥርም እምቢ ባላሉ።

«ሠንጠረዡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚመጡት እርስዎ ነዎት።»

«ከነዚያ ሽማግሌዎች ሁሉ ቀድሜ?» ወይዘሮ አልጣሽ ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም። «ምን ያለች ደፋር ናት ይሉኛል።»

«ያስቀደመዎት ፊደሉ ነው፤ እኔ የለሁበትም።»

«አቶም፣ ወይዘሮም አይባልም?»

«ለማንም አይባልም።»

«ባዶ ስም። እንደ ተከሳሽ።»

«እንደ ምስክር ይበሉት፣ እማማ። ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስድሳ ስምንት።»

ሮሐ ቀና አለች። «እማምዬ...» አለች በለሆሳስ። «ያጠፋን እኮ ይሄው ሠንጠረዥ ነው።»

ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሰባ ሦስት» አሉ። «እሱንም በትንንሽ ፊደል አድርጊው።»

መምህሩ እየሳቀ እስክሪብቶውን አነሳ፤ አንስቶም መልሶ አስቀመጠው። «አንድ ነገር ቀረ። ገምጋሚዎቹ አንድ ጎረቤት ብቻ ነው ወይ የመሰከረው ይላሉ። እድሩን በዓይኑ ያየ ሌላ ሰው ይኖራል?»

ወይዘሮ አልጣሽ በየተራ አሰቡ፤ ያኛው ሞቷል፣ ያኛው አዳማ ልጁ ጋ ሄዷል። በመጨረሻ የከዲሮ ስም መጣላቸው። የእድሩ ዳኛ ከዲሮ ነበር፤ እሱም በሕይወት የለም። ልጁ ግን አለ። ልጁ በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቃቸው ነው።

ሦስቱም ወረዱ። ሁሴኖ የተጠየቀው ሲገባው ከባጃጁ ወጣ።

«የፈረስ እድር? አባቴ ዳኛ ነበር እኮ። ስብሰባው እኛ ግቢ ነው፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።» ወይዘሮ አልጣሽ ተመስገን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ ቀጠለ። «የጋሽ ሀይሉ ፈረስ ጊዜ ነው የተጀመረው። ቦራ ይባላል ፈረሱ። ሌባ የወሰደው ጊዜ።»

«የምን ቦራ? ዳማ ነው። ሌባም አልወሰደው፣ እግሩ ነው የተሰበረው።»

«ቦራ ነው፣ አዴ። ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረበት፤ ይሄ ዓይኔ ነው ያየው።»

«ለኔ የነገሩኝ ባለቤቱ ናቸው። አንተ ከባለቤቱ ልትበልጥ ነው?»

«ጋሽ ሀይሉ ወሬ ሲያሳምሩ አያውቋቸውም እንዴ?»

ወይዘሮ አልጣሽ በዓይናቸው ሊያስጠነቅቁት ሞከሩ፤ ሁሴኖ ግን ለፈረሱ መልክ እስከ ፍርድ ቤት የሚሄድ መሰለ። አለቀልን አሉ በልባቸው፤ አንድ ምስክር ቢገኝ እሱም አፈራረሰው። ፈራ ተባ እያሉ ወደ መምህሩ ዞሩ። መምህሩ ሠርግ ቤት እንደገባ ሰው ፈክቷል።

«ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ብትናገሩ ነበር የምፈራው» አለ። «ተመካክረዋል እል ነበር። ሮሐ፣ ሁለቱንም ጻፊ። አልጣሽ እንዲህ ይላሉ፣ ሁሴኖ እንዲያ ይላል። እድሩ መኖሩን ሁለቱም መስክረዋል፤ ስለ ፈረሱ አንባቢ ይፍረድ።»

ከዚያ ሮሐ የያዘችውን የፈቃድ ቅጽ ተቀብሎ የባጃጁ የፊት መስታወት ላይ አስደግፎ ፈረመ። ወይዘሮ አልጣሽ ፊርማው እስኪያልቅ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩ፤ ረጅም ፊርማ ነው፣ መጨረሻው ላይ ይጠማዘዛል።

«እስከ ዓርብ አስተካክለሽ አምጪ፤ ሰኞ ታቀርቢያለሽ» አላት። «የዋቢ መጻሕፍቱን ዝርዝርም እይው። ኮምፒዩተሩ ያገራችንን ሰው ስም ሁሉ ገልብጦ፣ የአባት ስም አስቀድሞ፣ አባትየውን ደራሲ አድርጎታል።»

«እሱ እንኳ የኔ እጅ የለበትም» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ ቶሎ ብለው።

መምህሩን መርቀው መርቀው፣ ብርዱን በተመለከተ ከውስጥ ሹራብ እንዲጨምር መክረውት፣ ተሳፈሩ። «አየህ አይደል፣ አንተ ልጅ፣ ልታስቀርብን ነበር» አሉት ሁሴኖን ገና ከግቢው ሳይወጡ። «እኔ ነኝ ያስፈረምኩት፣ አዴ» አላቸው። ክርክሩ እስከ አስፋልቱ ዘለቀ። ሮሐ አንዴ ሳቀች፣ አንዴ «ቦራም ዳማም ይሁን፣ ገብቷል» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ወይዘሮ አልጣሽ ዞር ሲሉ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ሕፃን ሳለች ትተኛ እንደነበረው። ስንት ሳምንት በዚህ ጽሑፍ ስትንገላታ ከርማለች።

ሁሴኖ ቤታቸው በር ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀዝቀዝ አደረገና በመስታወቱ አያቸው።

«ልቁም፣ አዴ?»

«አትቁም» አሉት በሹክሹክታ። «እስቲ ዝም ብለህ አንዴ ዙር። ትተኛ።»