ጠዋት የሚነገር ወሬ

«አትንኪው» አለ ዘሩባቤል፣ የተፈታ ስልክ ላይ እንዳጎነበሰ። «እጅሽ ከገባበት ሙከራው ተበላሸ ማለት ነው።»

ጋዲሴ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። አምቦ ገበያ ዳር ሁለቱ በሽርክና በከፈቷት የስልክ መጠገኛ ውስጥ ሰሞኑን እንግዳ ሥራ ይዛለች። አንድ የውጭ ድርጅት የተበላሸ ስልክ የሚመረምር ሶፍትዌር ሠርቷል፤ ሶፍትዌሩን የሚያዘው ደግሞ ሰው አይደለም፤ ኤጀንት የሚሉት ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። ለኤጀንቱ መመሪያ ተጽፎለታል። እሱ መመሪያውን ብቻ አንብቦ የእውነት ስልክ ይመረምራል፤ ጋዲሴ እጇን አጣጥፋ እያየች መመሪያው የት እንደሚበጅ፣ የት እንደሚያሳስት ትገመግማለች። መመሪያው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚታማ አልነበረም። እሷ ኮሌጅ የተማረችበት መጽሐፍ እንኳ እንዲህ አፍታቶ አያስረዳም።

ክፋቱ፣ ዛሬ ገመዱ ላይ የተሰካው የዱረቲ ስልክ ነው።

ዱረቲ ለኦቦ ጉርሙና ለአዴ ወርቂቱ አንድያ ልጃቸው ነበረች። ነርስ ነበረች፤ ባለፈው ክረምት ታማ ሞተች። ስልኳ ውስጥ ከመዘምራን ጋር ስትዘምር የተቀዳ ድምፅ አለ፤ መሀል ላይ ግጥሙ ይጠፋባትና ትስቃለች። ያ ሳቅ ሌላ የትም የለም። ስልኩ በሕመሟ ሰሞን ዝናብ ገብቶበት እንደጠፋ ቀረ። ኦቦ ጉርሙ ትናንት ከጎጆ ከተማ ድረስ በዚያ ጭቃ መንገድ ይዘውት መጡ።

«ልጄ፣ ስልኩ ባይሠራም ግድ የለኝም» አሏት። «ሳቋን ብቻ አውጪልኝ። ማሽኑም ይየው፣ አንቺም እዪው።» የራሳቸው ስልክ አላሰማ ስላላቸው የሚስታቸውን ቁጥር አስመዝግበው ተመለሱ።

አሁን ስክሪኑ ላይ ውጤቱ ወጣ። የስልኩ ሚሞሪ ተቃጥሏል፤ ከውስጡ ምንም ማውጣት አይቻልም። ጋዲሴም ትናንት ቦርዱን ስታየው ጠርጥራ ነበር፤ ሰው ግን ተስፋ አይቆርጥም፣ ማሽኑ አንድ ነገር ያገኝ ይሆናል ብላ አደረች። አላገኘም። አልዋሸምም።

የመመሪያው የመጨረሻ ክፍል ውጤቱን ለደንበኛው ወዲያውኑ፣ በአጭሩና በግልጽ አሳውቅ ይላል። ኤጀንቱም እንደታዘዘው መልእክቱን ማዘጋጀት ጀመረ። «ውድ ደንበኛ፣ የመሣሪያዎ ምርመራ ተጠናቋል። መረጃው ሊመለስ አይችልም። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

«ዘሩ፣ ይሄ እኮ ለአዴ ወርቂቱ ነው የሚደርሳቸው» አለች። «ብቻቸውን ቁጭ ብለው ድንች ሲልጡ።»

«ታዲያ ውሸት ነው?»

«ውሸት መቼ አልኩ። መርዶ ነው።»

ዘሩባቤል ቀና አለ። «ለስልክ መርዶ? አንቺ ደግሞ አበዛሽው። መርዶውንማ ክረምት ላይ ተረድተዋል።»

«ያኔ የተረዱት መሞቷን ነው። ሳቋ አለ ብለው ነው እስከ ዛሬ የቆዩት።»

 ለዘሩባቤል የገዛ አባቱን ሞት የነገሩት ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤቱ ግቢውን ከሞላ በኋላ ነው። ሞቱን የሚያውቁት ሰዎች ያን ሌሊት አብረውት ራት በልተው፣ አጫውተውት፣ እንቅልፉን አስጨርሰውት ነበር። እስከ ዛሬ ያመሰግናቸዋል።

«ካቋረጥሽው የሳምንቱ ልፋት ገደል ገባ» አለ ግን፣ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛም ሥራ አይሰጡሽም።»

«አውቃለሁ» አለችና ማቋረጫውን ተጫነች።

እጇን ሳታነሳ ስልኳ ጮኸ። የአዴ ወርቂቱ ቁጥር ነው። መልእክቱ አመለጠ እንዴ? የሰማችው ግን የኦቦ ጉርሙን ድምፅ ነው።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ? ማሽኑ ምን አለ?»

ገና አላለቀም የሚል ውሸት አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

«ኦቦ ጉርሙ፣ ነገ በጠዋት እኔው ራሴ መጥቼ ነው የምነግርዎት።»

 ኦቦ ጉርሙ በአካባቢያቸው ስንቱን መርዶ ያረዱ ሽማግሌ ናቸው፤ በጠዋት መጥቼ የሚል ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚነግራቸው አያስፈልግም።

«ሃዬ፣ እሺ» አሉ። ድምፃቸው ሰለለ። «ጎረቤት ልጥራ?»

«ይጥሩ፣ ኦቦ።»

«ወርቂቱ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። አልነግራትም። ዛሬን ደህና ትደር።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋዲሴ ደንበኛ ይገባል አይገባም ሳትል ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዘሩባቤል አላባበላትም፤ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ተመለሰ።

ፊቷን ጠርጋ ግምገማውን ከፈተች። ምርመራውን ለሚመሩት ክፍሎች ሁሉ ሙሉ ነጥብ ሰጠች፤ ሐቅ ነውና። ሙከራውን በገዛ እጇ ማቋረጧንም አልደበቀችም። የመጨረሻው ክፍል ላይ ስትደርስ ነጥቡን ባዶ ትታ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ጻፈች፦ «እዚህ ጋ ኤጀንቱ ይቁም። ሰው ሄዶ ይንገር።» ላከችው።

የዱረቲን ስልክ ገጥማ፣ ጠርጋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው።

«ጃኬትህን ታውሰኛለህ?» አለች። «ጎጆ ጠዋት ብርዱ አይቻልም።»

«አላውስሽም» አለ ዘሩባቤል፣ መፍቻዎቹን እየሰበሰበ። «እኔው ነኝ የምለብሰው። መርዶ ብቻሽን ልትሄጂ ነው እንዴ?»