የልብስ መቀቀያው አረቄ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ማለት እጅ ማለት ነው። እግሩ ቢሰበር ተቀምጦ ይሰፋል፣ ጆሮው ቢደነቁርም ደንበኛ ሲያማርር አይሰማምና እሰየው ነው። እጁ ከሄደ ግን ያኔ ሁሉም ነገር ያበቃል።

ባለፈው ዓመት መቀስ መጣል ጀመረ። መጀመሪያ «ላብ ነው» አለ። ቀጥሎ «መቀሱ ነው» አለና አዲስ ገዛ፤ አዲሱንም ጣለው። አንድ ቀን ሱሪ ሊቆርጥ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሳ ከአንጓው በታች ያለው አልነሳም አለ። እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠለጠለ። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት፣ ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርን።

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ በማግሥቱ ክሊኒክ ጎትቼ ወሰድኩት። ነርሷ እጁን አገላብጣ አየችና አፍህን ክፈት አለችው።

«የታመመው እጄ፣ አፌ ምን አደረገሽ?»

ከፍቶ አሳያት። ባትሪ አብርታ እኔንም ጠራችኝ። ድዱ ከጥርሱ ሥር ሥር ሰማያዊ መስመር ተሰምሮበታል፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ደም ወሰደች፤ በሳምንቱ ውጤቱ መጣ።

«ደምህ ውስጥ እርሳስ አለ።»

«እኔ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ እርሳስ ይዤ አላውቅም» አላት።

አልሳቀችም። «ማዕድኑን ነው የምልህ አባቴ። አረቄ ትጠጣለህ?»

«እንደ ሰው።»

«በምን ነው የሚያወጡት?»

«በእሳት ነዋ!»

መድኃኒት ሰጠችው፤ እኔን ግን ለብቻ ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣች። እርሳሱ መግባቱን ካቆመ እጁ ቀስ እያለ በወራት ይመለሳል አለች። ካላቆመ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ቅኔ የለውም።

ባሌ የሚጠጣው ጠብታ ቤት ነው። ሴትዮዋን ጠብታ የሚሏት ገና የገባ ሰው ሳይቀመጥ «እስቲ ጠብታ ቅመስ» ብላ በነጻ ስለምትቀዳለት ነው። ከዚያ በኋላ ጠብታ የሚባል ነገር የለም። ጓሮዋ ገብቼ አየሁ። በርሜል እሳት ላይ ተጥዷል፤ ከበርሜሉ ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ገንዳ ውስጥ የተጋደመ የጭነት መኪና ራዲያተር ውስጥ ይገባል፤ እንፋሎቱ እዚያ ይቀዘቅዝና አረቄ ሆኖ ይወርዳል። መንገዱ ጥግ ያለውን መካኒክ ራዲያተር በምን እንደሚበየድ ጠየቅኩት።

«በእርሳስ ነዋ። ምነው፣ መኪና ገዛሽ እንዴ?»

ለባሌ ነገርኩት። «ሃያ ዓመት ጠጥቼዋለሁ» አለኝ።

«ሃያ ዓመት አጠራቅመኸዋል።»

እተዋለሁ አለ። ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ ትቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ መተዉን ያከበረው እዚያው ጠብታ ቤት ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ አሰብኩ። መጠጣቱ ካልቀረ ንጹሑን ይጠጣ፣ የማወጣውም እኔ ነኝ አልኩ። እሱ ሳቀ፣ ጎረቤት ሳቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔም ወረቀት አይደለሁም።

ከደረጃው ሥር የእናቴ የመዳብ ድስት ነበር። እናቴ የሰው አንሶላ የምትቀቅልበት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ድስት ነው፤ እኛ ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ ማጠራቀሚያ ሆኖ ቀርቷል። ጨርቁን ደፋሁና ታናሽ ወንድሜን አስጠራሁት። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ውሃ መሥሪያ ቤት ቧንቧ ሲሠራ ኖሮ በቅርቡ ጡረታ ወጥቷል፤ ቤት መዋል አልሆነለትም፣ የማይፈስ ቧንቧ ሲያይ ይከፋዋል። የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ እየሮጠ መጣ።

ድስቱን በጉልበቱ አቅፎ አንኳኳው። «እትዬ፣ ይሄማ መዳብ አይደለም፣ ሀብት ነው!»

«ቂጡ ላይ ያለው ግራጫ ነገር ምንድን ነው?»

«እሱማ የአባባ ሥራ ነው። ቀዳዳውን የደፈነበት። የአባባ እጅ ወርቅ ነበር።»

በጥፍሬ ጫርኩት። ጥፍሬ ሰመጠበት።

«ወርቅ ቢሆን ጥሩ ነበር» አልኩት፤ «እርሳስ ነው።»

ወንድሜ ስለ ሟች ክፉ የተናገርኩ ያህል አኮረፈ። እርሳሱን ሸሽቼ እርሳስ ውስጥ ልቀቅል ነበር፣ እሱም በገዛ አባቴ እርሳስ። አንጥረኛ ጋ ወሰድነው። አንጥረኛው የአባባን ድፍን ቆርጦ አወጣና በምትኩ የመዳብ ቁራጭ በብር በየደበት፤ ቱቦዎቹንም በብር አያይዝልን አልኩት። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት የውሃ ቧንቧ በእርሳስ በይዶ ማንም እንዳልሞተ ሊያስረዳ ሞከረ። «ማን ቆጠረ?» አለው አንጥረኛው። ቤት ስንመለስ ውስጡን በኮምጣጤና በጨው ፈተግኩት፤ የተላጨ ራስ መስሎ አበራ።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ክዳኑ ላይ የመዳብ ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ያልፋል፤ ጫፉ ከባልዲው ሥር ወጥቶ ይንጠባጠባል። እስከዚህ ተስማማን። ወንድሜ ግን ክዳኑ ይበየድ አለ።

«አይበየድም። ዳር ዳሩን በሊጥ እለጥፈዋለሁ።»

«እትዬ፣ በሊጥ የሚታሸግ ነገር በየትኛው ዓለም አለ?»

«በኔ ዓለም።»

«እንፋሎት ያመልጣል እኮ!»

«ማምለጥ ካማረው ያምልጥ፣ እስረኛ አይደለም።»

ባሌ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ያዳምጣል። «ዋርሳ» አለው፣ «እኔ ከእሷ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ተከራክሬያለሁ። ሊጡን አቡካላት።»

ክዳኑ ላይ እኔ ረታሁ። ቱቦው ላይ ግን ገበያ ወጥቼ ስመለስ ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ መዝጊያ ገጥሞበት አገኘሁት።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«መዝጊያ ነዋ። ክፍት ቱቦ ነውር ነው እትዬ። እኔ በሕይወቴ አንድ ቱቦ ክፍት ትቼ ከሰው ቤት ወጥቼ አላውቅም።»

ደክሞኝ ነበር፣ ተውኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባዶ ውሃ ሞከርነው። ድፍድፉ፣ ማለትም በስኳርና በእርሾ የጣልኩት የበሰበሰ ፍራፍሬ፣ ገና ጥግ ላይ ይፈላል፤ መጀመሪያ ውሃ ይለቅ፣ ማፍሰስ አለማፍሰሱን እንይ አልኩ። ድስቱን የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣድን፣ ክዳኑን በሊጥ ለጠፍኩ፣ ባልዲውን ሞላን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ወንድሜ ልጅ የተወለደለት መሰለ። «አላልኩሽም!» አለና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

እኔና ባሌ ተቀምጠን ጠብታውን እናያለን። ቆመ።

«አለቀ እንዴ?» አለ ባሌ።

ድስቱ ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ባሌ ሊያስነጥሰው ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ አወጣ። ምድጃውን አጠፋሁ፣ ባሌን በአንገትጌው ይዤ ወደ በሩ ጎተትኩት። ደጃፉን እንደረገጥን ሊጡ ተፈናጠረ፣ ክዳኑ ተነስቶ ጣሪያውን መታና እየተንከባለለ ወረደ፤ ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ፣ ማንም አልተነካም። ጣሪያው ላይ አሁንም ክብ ምልክት አለ።

ወንድሜ እጁ ሳሙና እንደሆነ ሮጦ መጣ። «ምን ሆነ? ማነው የዘጋው?»

ሁለታችንም እጁን አየነው፤ እሱም አየው። ሌላ ሰው ከክፍል ሲወጣ መብራት እንደሚያጠፋ እሱ ቱቦ ይዘጋል። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አይጠይቅም።

ባልዲው አጠገብ ተቀመጠ። «ክዳኑን በይጄው ቢሆን ኖሮ...» አለ።

«ክዳኑን በይደኸው ቢሆን ኖሮ ድስቱ ራሱ ነበር የሚነሳው» አልኩት። «ሊጥ ሞኝ ነው፣ ሲገፉት ይለቃል።»

መዝጊያውን በገዛ እጁ ፈታው። ሲያወልቀው ፊቱን አዙሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ። ቱቦው መቼም አይዘጋም። መስኮቱ ክፍት ይሆናል። ወጥ ቤት ውስጥ ክብሪት የሚባል አይጫርም፣ የአረቄ እንፋሎት እሳት ካገኘ አያስታምምም። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ከሞቀ ይለወጣል። መጀመሪያ የሚወርደው ብርጭቆ መርዝ አለበትና ይደፋል። ምድጃው በርቶ ማንም ወጥ ቤቱን ጥሎ አይወጣም። ዘበኛ ያደረግኩት ባሌን ነው፣ ሥራ ፈትቶ ነበርና። ሥራውን ከሚገባው በላይ አከበረው። ሃያ ዓመት ከራዲያተር የጠጣ ሰው፣ በመንገድ የሚያልፍ ጎረቤት ሲጋራ ይዞ ቢያይ በመስኮት «አጥፋ! ልትፈጀን ነው?» እያለ ይጮህ ጀመር። ድፍድፉ ደርሶ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ማጠቢያው ውስጥ ስደፋ ግን ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ። ለአጎቱ ቀብር እንኳ እንደዚያ አላዘነም።

የወረደው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር። አንድ ትንሽ ብርጭቆ ቀዳሁለት። ጎንጨት አለ። አፉ ውስጥ አዟዟረው። ጣሪያውን አየ።

«ጣዕም የለውም» አለ።

«ምን ማለት ነው ጣዕም የለውም?»

«ያቃጥላል፣ እሺ። ግን የጠብታ አረቄ መጨረሻ ላይ ትጣፍጣለች። ምላስ ላይ ማር ነገር ትተዋለች።»

መድኃኒቱን ልቀበል ስሄድ ነርሷን ጠየቅኳት። «እርሳስ ይጣፍጣል» አለችኝ፤ «የጎደለበት እሱ ነው።»

ለባሌ እንዲህ ብለው ይበቃል ብዬ ነበር። ሰማኝ፣ አሰበ፣ ካፖርቱን ለበሰና ጠብታ ቤት ሄደ። በማግሥቱም ሄደ። እኔ ንጹሕ ድስት፣ ንጹሕ አረቄና ጣሪያዬ ላይ ክብ ምልክት ይዤ ቀረሁ። በወሩ ደሙ ሲታይ ቁጥሩ ፈቅ አላለም። እጁም እንደዚያው፤ ነርሷ «ወደ ላይ» ስትለው እሱ በግራው አነሳላት።

በዚያው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባሌ ከመጋረጃው ጀርባ በግራ እጁ ጨርቅ እየገፋ መኪናውን ሲረግጥ ጠብታ ራሷ ወጥ ቤቴ በር ላይ ቆመች። ደንበኛ ቀማሽኝ ብላ ልትጣላኝ ነው ብዬ እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ።

«ሰማሁ» አለች።

«ምን ሰማሽ?»

«ንጹሕ ታወጣለች አሉ።» ድስቱን ዞራ አየችው። ከዘንቢሏ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «እስቲ ይቺን ሙይልኝ፣ እህቴ።»

«ለእንግዳ ነው?»

«ለራሴ። ሳልተኛ አንድ ካልቀመስኩ እግሬን ይቆረጥመኛል።»

«አንቺ? በርሜል ሙሉ አረቄ ጓሮሽ ተቀምጦ?»

«ያንን?» ሳቀች። ክፋት የለበትም ሳቋ፣ ነገሩ በእውነት አስቋት ነው። «ያንን ማን ይጠጣዋል? እኔ እስካሁን የታሸገ ነበር የማስገዛው።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። መጋረጃው ተገለጠና ባሌ ወጣ፣ ቀኝ እጁን በግራው እንደ ሕፃን አቅፎ።

«ሃያ ዓመት» አላት፣ «ሃያ ዓመት አብረሽኝ ብርጭቆ አጋጭተሻል። ‹ለጤናችን› እያልሽ። ብርጭቆሽ ውስጥ ምን ነበር?»

ጠብታ አየችው፣ እኔን አየችኝ። መዋሸት አላስፈለጋትም መሰለኝ።

«ውሃ።»

«ውሃ!»

«የፈላ ውሃ ነው እንጂ ጋሼ» አለች፣ እንደ ማጽናናት። «የቧንቧው አይታመንም።»

ባሌ ወደ ጠርሙሷ በአገጩ አመለከተ። «እንዳትወስጂው፣ ጣዕም የለውም።»

«ለሱ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች ጠብታ።

ሞላሁላት። ምን ላድርግ፣ እግሯን ይቆረጥማታል።

ባሌ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ቤት አልረገጠም። ለእጁ ብሎ አይደለም፤ እጁ ተንጠልጥሎም ይሄድ ነበር። ለኔም አይደለም፣ ለነርሷም አይደለም፣ ለመዳቡም አይደለም። ለዚያች ለፈላ ውሃ ብርጭቆ ነው። አሁን እሑድ እሑድ ከኔ አንድ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ጣዕም የለውም ይላል፣ ግማሹን ትቶት ይነሳል።

በአራተኛው ወር ደሙ ታየ። ነርሷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ቁጥሩ ወርዷል፣ ከግማሽ በታች።

«ጎበዝ!» አለችው። «ምን አድርገህ ነው?»

«ተናደድኩ» አላት።

ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም። እጅህን አሳየኝ አለችው። ቀኙን ጠረጴዛዋ ላይ አሳረፈና አተኮረበት፤ አንጓው ተንቀጠቀጠ፣ ጣቶቹ ከእንጨቱ ላይ ተነሱ፣ አንድ ክር የሚያልፍበት ያህል፣ ከዚያ ሁለት ክር፣ ከዚያ ጃኬት የሚቆለፍበት አዝራር ያህል። እዚያ ላይ ቆሙ። ላቡ በግንባሩ እየወረደ «በቃ?» አለ።

«ለዛሬ» አለችው።