የዳልጮ መዶሻ

በ1988 ዓ.ም. ሲቀላ ገበያ ውስጥ፣ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢው ሰይፈሥላሴ፣ ወይዘሮ አበቡ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ጠገራ ብር ሲያገላብጥ ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ ብሩ ላይ ያለችው ንግሥት አፍንጫ የላትም! ሲታተም የተሳሳተ ነው፤ እንዲህ ያለው ውድ ነው። ይሽጡልኝ።»

የአበቡ ደም ፈላ። የአንጥረኛ ልጅ አይደለች እንዴ? ብሩን ነጥቃ ወደ ፀሐይ አዘነበለችው።

«ደህና አድርገህ እይ! ማተሚያው ስቶ ቢሆን አፍንጫው ከነጭራሹ ባልወጣ። ይኸው ተጨፍልቆ ወደ ጎን ተኝቷል። ይህ የመዶሻ ምት ነው።»

«ማን መታው?»

«አባቴ ዳልጮ! እኔን ሲድር ማንጠልጠያውን ሲገጥምለት ዓይኑ እንባ ሞልቶ መዶሻው ሳተበት። አገራችን ኦቾሎ ሙሉ ያውቀዋል።»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ ብዙ እከፍልዎ ነበር።»

አበቡ ብሩን መልሳ አንገቷ ላይ አሰረች።

«የአባቴን ስህተት ለማሽን አልሰጥም!»