ከአጥሩ አንድ ክንድ ወዲያ

ሔርሞን ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ቀደደችው። ለማታውቀው ሰው «ጓሮዎን ልቆፍር» ብሎ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል ብላ አላሰበችም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለች እንኳ መምህሩ ፊት እጇን ከምታወጣ ዝቅ ያለ ማርክ ብትቀበል ትመርጥ ነበር። ይህን ግን የምትጽፈው ለራሷ አይደለም፤ ለእናቷ ለእሌኒ ነው።

ባለፈው ኅዳር የሔርሞን ታናሽ ወንድም ስምዖን፣ በስደት በሚኖሩባት ከተማ፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በሃያ ዓመቱ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ስምዖን አንድ ቦታ የማይረጋ ልጅ ነበር። ኮሌጅ ጀምሮ ተወ፣ ሥራ ይዞ ለቀቀ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ቀየረ። ልብሱን በሁለት ጥቁር ፌስታል ይዞ ስካርቦሮ ሰፈር እናቱ ዘንድ ይመጣና ፌስታሉን ሳይፈታ ተመልሶ ይሄዳል።

በሰማንያው ዕለት እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ፣ እሌኒ ሰሃን እያደረቀች ማንም ያልጠየቃትን ተናገረች። ስምዖን ሲወለድ ኢስት ዮርክ ሰፈር የአንድ ቤት ምድር ቤት ተከራይተው ነበር። እትብቱ የወደቀ ቀን እንደ ወጉ ልትቀብረው ፈለገች። አከራያቸው ግን ቲማቲሙን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ፣ በጓሮው ሰው ዝር እንዲል የማይፈቅድ ሽማግሌ ነበር። ገበያ የሚሄድበትን ሰዓት ጠብቃ ከኋላ አጥሩ ሥር ቀበረችው። ራኩን የሚባለው የሌሊት አውሬ ቆፍሮ እንዳያወጣው ብላ ግን በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ከትታ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጋ ነበር።

«አፈር አልነካውም» አለች፣ ያንኑ ሰሃን ደግማ እያደረቀች። «በቆርቆሮ ዘጋሁበት። ልጄን መሬት ያልያዘችው በኔ ጥፋት ነው።»

«እማዬ፣ ልቡ ነው ብለዋል እኮ።»

እሌኒ ሰሃኑን መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የምትለምነው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ቆርቆሮው ወጥቶ ይከፈት፣ እትብቱ ስምዖን መቃብር ላይ አፈር ይልበስ። እህል ሲቀርብላት ትገፋለች። እንቅልፍም የላትም። ሔርሞን እንዲህ ያለውን ነገር ባታምንበትም፣ እናቷ ከሁለት ጉርሻ በላይ የምትበላ ከሆነ የኢስት ዮርክን ጓሮ ሁሉ ለመቆፈር ዝግጁ ነበረች።

መሬቱ በረዶ ስለነበር እስከ ሚያዝያ ጠበቁ። ከነሱ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው ዙበይር ኤሌክትሪሺያን ነው። ባረፈበት ቀን የብረት መፈለጊያ ማሽኑን ይዞ ከከተማው አጠገብ ያለውን ሐይቅ ዳርቻ ያስሳል፤ እስካሁን አንድ ባልዲ የጠርሙስ ክዳን አግኝቷል። ሊረዳቸው ፈቃደኛ ሆነ፣ ግን ወረቀት ከሌለ ማሽኑ ከቦርሳው እንደማይወጣ ቁርጡን ነገራቸው። የግል መሬት ከሆነ የባለቤቱ ፊርማ፣ የሕዝብ ከሆነ የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ጥቁር ሰው፣ አካፋ ይዞ፣ በሰው ጓሮ» አለና ሳቀ። «የቀረውን አንቺው ጨርሺው፣ ሔርሞን።»

አምስተኛውን ደብዳቤ አልቀደደችውም። የምንፈልገው የቤተሰብ ማስታወሻ ያለበት ቆርቆሮ ነው ብላ ጻፈች፤ እትብት የሚለውን ለመጻፍ እጇ እምቢ አላት። ድሮ የተከራዩት ቤት በር ላይ ባለው የፖስታ ሳጥን ጨምራ ደወሉን ሳትነካ ሄደች። በሦስተኛው ቀን የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ነርስ፣ ፈርማ መለሰችላት። ሣሩን በጥንቃቄ ገፍፈው መልሰው እንዲያለብሱት ብቻ ነበር የጠየቀችው።

ቅዳሜ ሄዱ። እሌኒ እትብቱን የምትጠቀልልበት ነጭ መሐረብ ይዛለች። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሳለች፤ ምስማር ሲወጣ፣ ሹካ ሲወጣ፣ የቧንቧ ስባሪ ሲወጣ መልሳ ትቀመጣለች። እዚህ ነው ብላ ያሳየችው አጥር ሥር ማሽኑ ዝም አለ። ዙበይር ክንዱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ከኋላ ወዳለው የከተማው ፓርክ ሲዘረጋው ግን ጮኸ። ነርሷ ነገሩን አስረዳቻቸው። የድሮው ሽማግሌ አጥሩን ወደ ፓርኩ ገፍቶት ኖሮ፣ እሷ ቤቱን ስትገዛ መሬቱ ተለክቶ አጥሩ ወደ ውስጥ ተመልሷል፤ ቆርቆሮው የከተማው መሬት ላይ ቀርቷል።

«አንድ ክንድ አትሞላም እኮ» አለች እሌኒ።

«እትዬ እሌኒ፣ የኛ ወረቀት እዚህ አጥር ላይ ያልቃል» አለ ዙበይር፣ ማሽኑን አጥፍቶ።

እሌኒ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም ነበር። «ስቀብረው ማንንም አልጠየቅኩም። ላወጣው ስል አገር ምድሩን ላስፈቅድ።»

ስልክ መደወል የምትፈራው ሔርሞን የከተማው ቢሮ ሦስት ጊዜ ደወለች። ፎርሙ ምን እንደሚፈለግ፣ ምን ያህል እንደሚቆፈር፣ ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስትደርስ የቤተሰብ ማስታወሻ ብላ ጀምራ ሰረዘችው። ከዚያ የሞተው ወንድሜ እትብት ነው ብላ ጻፈች። ስድስት ሳምንት እናቷ በየጠዋቱ «አልመጣም?» እያለች ጠየቀቻት፤ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ፈቃዱ በሰኔ መጣ። በእጅ መቆፈሪያ ብቻ፣ ሥር ሳይቆረጥ፣ ሠራተኛ ቆሞ እያየ። የተላከው ሠራተኛ ወረቀቱን አንብቦ ምንም ሳይጠይቅ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ዙበይር ሣሩን ገፎ ክንዱ እስኪገባ ቆፈረ። ቆርቆሮው የወጣው በቁርጥራጭ ነው። ክዳኑ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ቀለም ቀርቷል። ታቹን ዝገት ጨርሶ በልቶታል። ውስጡ ጥቁር አፈር ሞልቶ፣ ቀጫጭን የሣር ሥር ከዳር እስከ ዳር አልፎበታል። እትብት የሚባል ነገር የለም።

ሔርሞን ደረቷ ላይ የከረመው ድንጋይ የተነሳላት መሰላት። «እማዬ፣ አየሽ? አፈር ነክቶታል። ድሮ ነው የነካው።»

እሌኒ ክዳኑን በመዳፏ ይዛ አገላበጠችው። «ገና ልጅ ሳለ?» አለች።

«ሁለት ሦስት ክረምት ነው የሚችለው፣ እትዬ» አለ ዙበይር። «ስስ ቆርቆሮ ነው።»

«መሬት ይዛው ነበር ማለት ነው።»

«ይዛው ነበር» አለች ሔርሞን።

እሌኒ ቀና ብላ አየቻት። «እንግዲያው በምን ሄደብኝ?»

ሔርሞን ያኔ ገባት። እናቷ እነዚህን ወራት የኖረችው ያንን ጥፋቷን ተደግፋ ነበር፤ እሷ ደግሞ በፊርማ ላይ ፊርማ ለቅማ ከሥሯ አነሳችባት።

እሌኒ ክዳኑን ጉድጓዱ ውስጥ መልሳ አኖረችው። ከአፈሩ ትንሽ ልውሰድ ብላ ሔርሞን መሐረቡን ስትጠይቃት በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፣ መሐረቡንም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዙበይር አፈሩን መለሰ፣ ሣሩን አለበሰ፣ በእግሩ ደልደል አደረገው። ሠራተኛው መሬቱ እንደነበረ መመለሱን የሚያረጋግጥ ወረቀት አቀረበ። ሔርሞን ፈረመች። ቀና ስትል እናቷ መኪናው ውስጥ ገብታ፣ ቀበቶዋን አስራ፣ ፊት ለፊት እያየች ነበር።