ወፍጮ በሉት

ዱቄቱ ዛሬም በጠረጴዛው ሐዲድ ላይ ነጭ ሆኖ አደረ። ፈንታው በጣቱ ጠቅሶ ወደ መስኮቱ አስጠጋና አየው፤ በቆሎ ነው። ትናንት ጤፍ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ባለወፍጮው በዳሳ ምን ሲፈጭ እንደዋለ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የጠላቱ ወሬ በየጠዋቱ በጣራው ክፍተት ሾልኮ ጠረጴዛው ድረስ ይመጣለታል።

ጨርቁን አልኮል አስነክቶ ያሸው ጀመር። ዱቄት የጠጣ ሐዲድ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ኤሌክትሪክ ካላለፈ ደግሞ በክንድ የምትለካው ባቡር መንገድ ላይ ተገትራ ትቀራለች። ዛሬ ተገትራ እንድትቀር የሚፈቅድበት ቀን አልነበረም። በአራት ሰዓት የቀበሌው ኮሚቴ አቤቱታውን ሊያጣራ ይመጣል። ወይ በዳሳ ወፍጮውን ከአጥሩ ሥር ነቅሎ ወደ ላይኛው ገበያ ይወስዳል፣ ወይ ፈንታው ለባቡሯ የሚሠራላትን ድምፅ ሳይጨርስ ይሞታል። ነገሩን እንዲህ ነበር የሚያየው፤ ዕድሜውን ሐዲድ ላይ የፈጀ ሰው ወደ ጎን መታጠፍ አያውቅበትም።

«ሰዎቹ ሳይመጡ ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ፤ ዱቄት አልቋል» አለች ታላቅ እህቱ ደብሪቱ፣ እህሏን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ።

«ወፍጮ ቤት» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም እትዬ! ስንት ዓመት ልናገር? ባቡር ሐዲድ አለው። ያ የሰው ጠላት የተከለው ወፍጮ ነው። ወፍጮ በሉት!»

«እሱን ያስነሣህ ዕለት ሐዲድህን ትቆረጥማለህ» አለች ደብሪቱ። «በዚህ ጉልበቴ እስከ ላይኛው ገበያ እህል ተሸክሜ ዳገት አልወጣልህም፤ ይህን ዕወቅ።» በሩን በክርኗ ገፍታ ወጣች።

ፈንታው በድሬዳዋ መስመር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ረዳት ነጂ ነበር። መስመሩ ሲቆም፣ ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ወደ ሰፈሩበት ወደ ኢሉባቦር መጣ፤ መቱ ላይ እህቱ ቤት አንድ ሻንጣ ይዞ ገባ። በመጣ በሳምንቱ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ባቡር ነጂ ነበርኩ» ቢል፣ አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ በአክብሮት ዞረው «በሰዓት ስንት ኩንታል ይፈጭ ነበር?» አሉት። ሽማግሌው አልቀለዱም። በዚህ አገር ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው፤ በኦሮምኛውም በአማርኛውም። ሦስት መቶ መንገደኛ ጭኖ በረሃ ለበረሃ የሄደ ሰው፣ ፊቱ ላይ ዱቄት የቀረ እህል ፈጪ ሆኖ አረፈው።

ያን ዕለት በልቡ የነደደው እሳት ነው ጠረጴዛውን ያሠራው። ከአሮጌ ማተሚያ የወጣ ሞተር፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ ፉርጎዎች፣ ከሲሚንቶና ከጆንያ የተሠራ ዋሻ፣ ድልድይ፣ ሰዓት ያለው ጣቢያ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። ጠረጴዛው ሳሎኑን ስለወረሰው እንግዳ በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። ባቡሯ ስትሄድ ለማየት የመጣው ጎረቤት ሁሉ ግን አንድ ዙር አይቶ «ታዲያ ይሄ ባቡር መቼ ነው የሚጮኸው?» ይላል። ድምፅ የሌለው ባቡር፣ ለእነሱ፣ የልጅ መጫወቻ ነው።

እሺ፣ ይጩህላቸው አለ። በስልክ ያገኛቸው የባቡር ድምፆች የሰው አገር ነበሩ፤ የራሱን መስመር ጆሮው ያውቀዋል፣ አይታለልም። ጡሩንባውን ሁለት ቱቦ አንድ ላይ አስሮ እየነፋ በስልኩ ቀዳው። መንኮራኩሩ የሐዲድ መጋጠሚያ ሲረግጥ የሚያሰማውን ምት፣ በጠርብ ላይ ብረት እየመታ አወጣው፤ ሁለት ምት፣ ዕረፍት፣ ሁለት ምት። የፍሬኑ ሲቃ ከመስታወትና ከሽቦ ተገኘ። በባቡሯ ሆድ ሥር ማግኔት ለጠፈ፤ ማግኔቷ ሐዲዱ ሥር ከተቀበሩት ማብሪያዎች አንዱ ላይ ስትደርስ የዚያ ቦታ ድምፅ ይነሣል። ድምፁ ከሆድ እንዲወጣ ብሎ ድምፅ ማጉያውን በአሮጌ የማር ቀፎ ውስጥ ከትቶ ጠረጴዛው ሥር አጋደመው።

ከቀዳቸው ድምፆች ሁሉ ጀርባ ግን የበዳሳ ወፍጮ ነበር። ጡሩንባው ውስጥ ዱፍ ዱፍ፤ ፍሬኑ ውስጥ ዱፍ ዱፍ። መብራት ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ፀጥ ይላል፣ የበዳሳ ናፍጣ ሞተር ግን ይብስበታል። ፈንታው ለመነ፤ በዳሳ የጭስ ማውጫውን ወደ ፈንታው መስኮት አዞረለት። ፈንታው ለቀበሌው አመለከተ፤ በዳሳ በማግስቱ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «የበዳሳ ባቡር» ብሎ ቁመቱን በሚያህል ፊደል ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች የእግዜር ሰላምታ ተነፋፍገዋል። ቀብር ላይ እንኳ አንዱ በቀኝ ከቆመ ሌላው ወደ ግራ ይሄዳል።

ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው። የባቡሩ የራሱ ሞተር ድምፅ፣ ያ በእግር ገብቶ ደረት ላይ የሚቀመጠው የናፍጣ ጉምጉምታ፣ በምንም ዘዴ አልወጣ ብሎት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ከሰዓት፣ ወፍጮው ያበላሸበትን አንድ ቅጂ ከመሰረዙ በፊት ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ ለጨዋታ ያህል ከፈተው። ክፍሉ ውስጥ የገባችው እሷው ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳት ባቡር። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ፈንታው ወንበሩን ይዞ ቁጭ አለና እንደ ሴት ልጅ አለቀሰ። ማልቀሱን ሲጨርስ ያለቀሰው ለበዳሳ ወፍጮ መሆኑ ትዝ አለውና ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። ድምፁን ግን አልሰረዘውም። በትንሽ ካርድ ላይ ገለበጠው፤ ለብቻውም በእጅ የሚጫን ማብሪያ አበጀለት።

ዛሬ ያንን ማብሪያ አይነካም። ዱፍ ዱፉን እንደ ነገሩ ያጠፋባቸው ጡሩንባ፣ መንኮራኩር፣ ፍሬን፤ ለኮሚቴው ይኸው ይበቃል።

አራት ሰዓት ሲሆን ኮሚቴው መጥቶ ሳሎኑ ገባ። የምትመራው ሀያት የምትባል ደብተሯን ደረቷ ላይ የያዘች ወጣት ሴት ናት፤ ከኋላዋ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ በዳሳ፣ ዱቄት ቅንድቡ ላይ ሳይቀር። ወፍጮው ለምርመራው እንዲቆም ታዝዟል። እህል ይዘው ሲጠብቁ የነበሩት ሴቶች ሥራ ስለፈቱ ተከትለው በሩንና ግቢውን ሞሉት። ደብሪቱም ያልተፈጨ እህሏን ይዛ ከመሀላቸው ቆማለች፤ ወንድሟን እንደ ሌላ ሰው ታየዋለች።

«አንድ ሽማግሌ በመጫወቻው ምክንያት አገር ጾሙን ይደር?» አለች አንዷ፣ እንዲሰማ አድርጋ።

«ጋሼ ፈንታው» አለች ሀያት፣ «አቤቱታዎ ላይ የወፍጮው ጩኸት ሥራዬን አበላሸብኝ ብለዋል። እስቲ ሥራውን እንስማው።»

ፈንታው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና ባቡሯን አስነሣ። ዋሻው አፍ ላይ ጡሩንባው ተነፋ። ድልድዩ ላይ መንኮራኩሮቹ መቱ፤ ሁለት ምት፣ ዕረፍት፣ ሁለት ምት። እሱ ራሱ እንኳ በዚህ ፀጥታ ሲሰማው ድምፁ ቀጠነበት። የሚሸከመው ወገብ የለውም።

«ይሄማ ጋሪ ነው!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በዳሳ አልሳቀም። ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ተራመደና፣ «ለዚህ ነው እኔ የምነሣው? ለጋሪ?» አለ፤ ከዚያ ወደ ሀያት ዞሮ፣ «ይሄ ሰውዬ ባቡር የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶም አያውቅ። ጣቢያ ሲጠርግ የነበረ ይሆናል።»

ፈንታው ማድረግ የሌለበትን ያውቅ ነበር። እጁ ግን አልጠበቀውም፤ ያንን ማብሪያ ተጫነው።

ቀፎው አጉረመረመ። ድምፁ መጀመሪያ ከወለሉ ተነሣ፣ ከዚያ በጠረጴዛው እግር ወጥቶ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ባቡሯ ከዋሻው ስትወጣ በር ላይ የነበሩት ሴቶች አንድ ላይ ወደ ኋላ አሉ፤ አንዷ መንገድ የምትለቅ ይመስል ነጠላዋን ሰብስባ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። ጋሪ ነው ያሉት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሀያት መጻፍ ረሳች። ጡሩንባው ከጉምጉምታው በላይ ሲነፋ ፈንታው ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ፤ ከመጣ ጀምሮ ማንም ያልሳቀበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። አሁን ያውቃሉ አለ በልቡ። ምን እንደነበርኩ አሁን ያውቃሉ።

በዳሳ ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች ጫፍ ይነካል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ደግሞ ይጀምራል።

«አራተኛው ላይ ትን ይላታል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ዓይኑን ገለጠ። «ኩን ባቡራ ኮ!»

ይቺ የኔ ባቡር ናት ማለቱ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያልገባው ሰው የለም።

«ዝግ አርጓት ነው እንጂ ራሷ ናት! ከገዛኋት ጀምሮ አራተኛው ምት ላይ ትን ይላታል፤ መካኒክ አቅቶት የተወው። ልጄን ድምፁ ቢለወጥ አላውቀውም?» ፊቱ ዱቄቱን አልፎ ቀላ። «የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ! ቀን ቀን በቀበሌ ይከሰኛል፣ አጥር ሥር ተደብቆ ደግሞ ጉሮሮዋን ይሰርቃል!»

ፈንታው ማብሪያውን አጠፋ። ባቡሯ በዚያ በቀጭን ድምጿ ጣቢያው ደርሳ ቆመች። ሳቁ በሴቶቹ መሀል ሲንፏቀቅ ይሰማዋል፤ ከድሮው የባሰ ሳቅ ነው፣ ያዘነበትም አለበት።

«እውነት ነው ጋሼ?» አለች ሀያት።

ፈንታው ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ የጠራውን ሐዲድ መልሶ ያሸው ጀመር።

«ጻፊ እንግዲህ» አለ በዳሳ። አሁን ቀዝቅዟል፤ ይሄ ከጩኸቱ የከፋ ነበር። «እኔ እነሣለሁ። ፍርድም አያስፈልግም፤ በወር ውስጥ ነቅዬ እወስዳታለሁ። ግን ድምጿን ለሌባ ትቼ አልሄድም። የቀዳባትን ካርድ ያውጣና መዳፌ ላይ ያስቀምጣት። የቀዳውንም ሁሉ እዚሁ ፊታችሁ ይሰርዝ።» እጁን ዘረጋ። መዳፉ ስንጥቅጥቅ ውስጥ ዱቄት ገብቶ ነጭ መስመር ሠርቷል።

«ስጠውና ይሂድልህ» አለች ደብሪቱ ከበሩ። «አሸነፍክ አይደል? የለመንከውን አገኘህ። ስጠው!»

ፈንታው ካርዱን ከማጫወቻው ነቀላት። ከጥፍር አትበልጥም። የለመነው ፀጥታ በግቢው ሙሉ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ወፍ እንኳ ይሰማል። ከወር በኋላ በዚህ ፀጥታ ውስጥ ባቡሯን ሲነዳ ታየው፤ ጡሩንባው ጥርት ብሎ፣ ፍሬኑ ጥርት ብሎ፣ ከሥራቸው ግን ባዶ። ጋሪ። ይህን ሰው ይጠላዋል፤ አሁን ደግሞ ከቅድሙ አብልጦ ጠላው፣ ሁለት መንገድ ብቻ ስላስቀረለት፣ ሁለቱም የበዳሳ ስለሆኑ። ጣቶቹ ካርዷ ላይ ተዘጉ።

«ማመልከቻዬን ትቼዋለሁ» አለ።

«ምን?» አለች ሀያት።

«ይቆይ። ካለበት ይቆይ። አልከስም።»

ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች። በዳሳ እጁን አላጠፈም።

«በዚህማ አትገላገልም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጃፌ ላይ 'ወፍጮ በሉት' እያልክ፣ ደንበኛዬን እየገላመጥክ፣ የባቡሬን ስም ነሥተህ ኖረሃል። ካርዷን ካስቀረህ በሰው ፊት ተናገር። አሁን የሰማናት የምን ድምፅ ናት?»

«በዳሳ፣ ይብቃ» አሉ ሽማግሌው።

«አይበቃም አባቴ። አንድ ቃል ነው የጠየቅኩት።»

ፈንታው ወደ ሐዲዱ አየ። ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋው የበረሃ መስመር፣ ከሞተሩ ሙቀት የሚንቀጠቀጠው አየር፣ በየጣቢያው እጁን የሚያወዛውዝ ሕዝብ፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማንም አያየውም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የባቡር» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የራሱ ነበር። ግቢው ጆሮ ሲደርስ የበዳሳ ሆነ። በዳሳ እጁን አጠፈ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፈንታው ይህን ሰው ሲስቅ አይቶት አያውቅም፣ አሁን ግን ጥርሱ ሁሉ ታየ። «ሰማችሁ?» አለ ለሴቶቹ። «ባቡር ነው ብሏል። በሉ እህላችሁን አንሡ!» እየተጋፉ ተከተሉት። ደብሪቱም ወንድሟን ሳታይ አብራቸው ሄደች። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ፈለጉ።

ሀያት ብቻ ቀረች። ደብተሯን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ከጣቢያው አጠገብ አስደግፋ ትጽፋለች። አንድ መስመር ላይ ደርሳ ብዕሯ ቆመ፤ ቀና ብላ አየችው። ቃለ ጉባኤው ላይ ነገሩን በትክክል ማስቀመጥ እንደምትፈልግ ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

«ጋሼ ፈንታው፣ የትኛው ባቡር ብዬ ልጻፍ?»

ፈንታው መለሰላት። ከአጥሩ ማዶ ግን በዳሳ መዘውሩን ጠምዝዞ ሞተሩን አስነሥቶ ነበርና፣ ሀያት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች እንጂ ቃሉን አልሰማችውም።