የእማማ ፈረቃ ርክክብ

«እማማ ፈረቃ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። ልጆቹ ዛሬ ራሰ በራ ሆነዋል፤ ስሙ ግን እንደ አዲስ ይሠራል። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለክር ፋብሪካ ነው፤ መጀመሪያ የተበጠሰ ክር ቀጣይ፣ ኋላ የፈረቃ አለቃ። ፋብሪካውም እስከ ቤታቸው ተከትሏቸው ይመጣ ነበር። ሚጡ በልጅነቷ ሳህን አጥባ እንዲሁ ወጥታ አታውቅም። «አስረክቢ!» ይላሉ እናቷ። የተሰነጠቀው ካልተሰነጠቀው ተለይቶ፣ ወንድሟ ፊት ለፊት ቆሞ «ተረክቤያለሁ» ካላለ በቀር ከኩሽና ንቅንቅ የለም። ወንድሟ ደግሞ ሁልጊዜ ያረፍዳል።

ሚጡ ዛሬ ሃምሳን ተሻግራለች። ፀጉር ሰሪ ናት፤ ዋናው መንገድ ዳር ሦስት ወንበር ያለው ሱቅ አላት። ትዳሩ አልቀናትም፤ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ እስከ ዛሬ ሚጡ ስለሚሏት፣ እኛም ከእናት አንበልጥምና ሚጡ እንበላት።

ባለፈው ክረምት እማማ ፈረቃ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ፤ ተመስገን። ሐኪሙ ግን መነጽሩን አውልቆ፣ «ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ሐሳባቸውም ወጣ ገባ እያለ ነው። ቀንም ሌትም ሰው ከአጠገባቸው አይለይ» አለ። ሐኪም ለመናገር ምን ይገደዋል!

ሚጡ ታላቅ ወንድሟ ዘንድ ደወለች። ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ወታደር ቤት አላደረም፤ ነገር ግን ትእዛዝ መስጠት ስለሚወድ ዘመድ አዝማዱ «ሻለቃ» ይለዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይወዳል፤ ድሩን የሚያደራው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። እናቱን ይወዳል፤ ፍርሃቱ ከአፉ ሲወጣ ትእዛዝ ይሆንበታል እንጂ። የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ እዚያ ጥሩ የአረጋውያን መጦሪያ አይቶ ኖሯል።

«ጋሼ፣ እማዬ ከዚህ ቤት ከወጣች ትጠፋብናለች» አለች ሚጡ። «አሁን የሚመራት ግድግዳው ነው። እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ነው ኩሽና የምትደርሰው። ሌላ ግድግዳ አታውቅም።»

«አንቺስ? ድምፅሽ እኮ የሰው ድምፅ አይመስልም።»

«ሰው እቀጥራለሁ።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ አደራጂው። መጥቼ አያለሁ። እሷም የምትተኛበት አንቺም የምትተኚበት ቤት ከሆነ አፌን እዘጋለሁ። ካልሆነ መኪና ይዤ ነው የምመጣው።»

የቀን ሰው ቶሎ ተገኘች። ቀድሞ መዋዕለ ሕፃናት የሠራች፣ ያለ ምክንያት የምትስቅ ሴት ናት፤ ሁሉም ሳቂታዋ ይላታል። እማማ ፈረቃ ወደዷት። እሑድ እሷ ስታርፍ የሚጡ ሱቅ ዝግ ነውና ሚጡ ትተካታለች። ሚጡ መቼ ታርፋለች የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀም፤ ሚጡ ራሷም አልጠየቀች።

መከራው የሌሊቱ ሰው ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እማማ ፈረቃ ፋብሪካ ይገባሉ። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ከነጫማቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ አይጋደሙም። በሩ ሲንቋቋ፣ «ማን ገባ?» ይላሉ።

«ማንም አልገባም እማዬ፣ ተኚ» ትላለች ሚጡ።

ገብቷል እኮ። የሌሊቷ አስታማሚ ገብታለች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ኩሽና ገብታለች። እዚያ ከሳቂታዋ ጋር በሹክሹክታ ይነጋገራሉ፤ ሳቂታዋም እንደ ድመት በጓሮ በር ሹልክ ትላለች። ይህን ሥርዓት ያወጣችው ሚጡ ናት። ማታ ማታ እናቷ አዲስ ፊት ካዩ ይደነግጣሉ ብላ፣ ለእሳቸው ብላ። በኋላ አስታማሚዋ ቀስ ብላ መኝታ ቤት ስትገባ እማማ ፈረቃ ያፈጡባታል። «ማን አስገባሽ? ውጪልኝ!» የመጀመሪያዋ ሳምንት አልሞላትም። ሁለተኛዋ «እማማ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ግን አባረሩኝ» ብላ ሄደች። ሦስተኛዋ መሄዷንም አልተናገረች። ወሩ ሲጋመስ፣ ቀን ፀጉር ሰሪ ሌሊት አስታማሚ ሚጡ ራሷ ሆነች።

አንድ ቀን ደንበኛዋን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ያንን ብቻ ታስታውሳለች። ሴትዮዋ ጮኸች።

«ሚጡ! እኔ ዳቦ ነኝ እንዴ?»

የሴትዮዋ ጆሮ በርበሬ መስሏል። ሚጡ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት የወጣው ልቅሶ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ደንበኛዋ ጆሮዋን ረስታ እሷን አቀፈቻት፣ ከነጥቅልል ፀጉሯ ቁጭ ብላ ታሪኩን ሁሉ ሰማች። ከዚያ፣ «የእኔ ጎረቤት ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት አስታማሚ ሆና ነው ዕድሜዋን የፈጀችው» አለች። «አሁን ቤቷ ቁጭ ብላለች። አንድ ነገር ብቻ አለባት፣ የግራ ጆሮዋ አይሰማም።»

«ሁለቱም ባይሰማ ምን ቸገረኝ!» አለች ሚጡ።

አስታማሚዋ በማግስቱ ማታ መጣች፤ ደልደል ያለች፣ እርምጃዋ የማይቸኩል። ሚጡ ከሥራ እየገባች ነበርና ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሳቂታዋ እንደ ልማዷ ወደ ኩሽና ወስዳ ማንሾካሾክ ጀመረች።

«እ?» አለች አዲሷ።

ሳቂታዋ ትንሽ ከፍ አደረገችው።

«በዚህኛው በኩል ነይ እህቴ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔ ግራው ለሁላችሁም ባዳ ነው።»

ሳቂታዋ ሳቋ መጣና ድምፅዋን መቆጣጠር አቃታት። «መድኃኒታቸውን ወስደዋል! ቀኝ ጉልበታቸውን አሟቸዋል! ሾርባቸውን ጠጥተዋል፣ ዳቦውን ግን ትራስ ሥር ደብቀውታል!»

ሚጡ ደነገጠች። «ቀስ በሉ፣ ትሰማለች!» ልትል ስትል ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ። የደከመች አሮጊት ድምፅ አልነበረም፤ ከማሽን ጩኸት በላይ መሰማት የለመደ ድምፅ ነበር።

«ማን ነው እዚያ የሚያስረክበው? ጓሮ ውስጥ ርክክብ የለም! ግቡና ማሽኑ ፊት አስረክቡ!»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ገቡ። እማማ ፈረቃ አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«በይ ቀጥዪ።»

ሳቂታዋ ከመድኃኒቱ ጀምራ ደገመችው። ዳቦው ላይ ስትደርስ እማማ ፈረቃ፣ «እሱን እለፊው» አሏት።

«እሱም ይነገራል እማማ» አለች ሳቂታዋ።

እማማ ፈረቃ ትንሽ አሰቡና፣ «እውነትሽን ነው፣ ይነገራል» አሉ። ከዚያ ወደ አዲሷ ዞሩ። «ተረክበሻል?»

አዲሷ ቀኝ ጆሮዋን ሰጠቻቸው። «ምን አሉኝ እማማ?»

«ተረክበሻል ወይ?»

«ተረክቤያለሁ።»

እማማ ፈረቃ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ጎንበስ ብለው፣ በራሳቸው እጅ፣ አንድ በአንድ ጫማቸውን አወለቁ። «እንግዲያው እኔ መሄዴ ነው፤ ደህና እደሩ» አሉና ተጋደሙ። ሻሻቸውን እንኳ ሳይፈቱ እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ አለ።

ሚጡ ኮሪደሩ ላይ ግንባሯን መታች። ስንት ሳህን ያስረከበች ልጅ! ያን ሁሉ ማታ እናቷ «ማን ገባ?» ሲሉ «ማንም አልገባም» ትላለች። ተረኛ ካልመጣ ሠራተኛ ማሽኑን ጥሎ እንዴት ይተኛል? ሳይረከብ ማሽኑ አጠገብ የተገኘውንስ ሰው አለቃው ባያባርር ማን ያባርረው? በገዛ ደግነቷ ነው እናቷን ሌሊት ሌሊት ሥራ ላይ ያሳደረቻቸው። ሳቋና እንባዋ ተቀላቀለባት። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ የሚጡ ድግስ በአንድ ባዳ ጆሮ በኩል መጣላት። ያቺን ዳቦ ያልሆነች ደንበኛዋን በሚቀጥለው ቀን አገላብጣ ሳመቻት፤ ፀጉሯንም ስትሠራ ዓይኗን ከካስኩ አልነቀለችም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ማታና ጧት አልጋው ፊት ርክክብ አለ፣ በጩኸት። ጎረቤት ሳይቀር የእማማን ጉልበት ሁኔታ እየሰማ ያድራል።

ሚጡ ግን እንቅልፍ እንቢ አላት። አካሏ ለምዶት ይሁን ልቧ አላምን ብሎ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሶፋ ላይ ትንሿን መብራት አብርታ ጆሮዋን አቁማ ታድራለች። የሌሊቷ አስታማሚ ጧት ጧት፣ «ተኝተው አድረዋል። አንዴ ነቅተው ወደ በሩ አዩና ተመልሰው ተኙ» ትላለች። ሚጡ ይህን ሰምታ አለፈችው። እናቷም ጧት ፊቷን ያዩና፣ «ዓይንሽ ቀልቷል፤ የሌሊት ፈረቃ ገቢ ነሽ እንዴ?» ይሏታል። ትስቃለች፤ ትሄዳለች።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሲመሽ ሻለቃ መጣ። መኪናውን በር ላይ አቁሞ ቁልፉን በእጁ እያንቀጫቀጨ ገባ፤ እናቱን ሳመና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የርክክቡ ሰዓት ነበር። ሳቂታዋ ጮኸች፣ የሌሊቷ ቀኝ ጆሮዋን ሰጠች፣ «ተረክቤያለሁ» አለች። ሚጡ ወንድሟን ሰረቅ አድርጋ አየችው። አሁን ጫማቸውን ሲያወልቁ ያያል፣ ነገሩም ያበቃል።

እማማ ፈረቃ ጫማቸውን አላወለቁም።

ሻለቃ እህቱን አያት፤ ቁልፉ መንቀጫቀጩን አቆመ።

«እማዬ፣ ርክክቡ እኮ አለቀ» አለች።

«የእሷ አለቀ። የእኔ አላለቀም።»

የሌሊቷን በእጃቸው ጠሩና በቀኝ ጆሮዋ በኩል አስቀመጧት፤ ጆሮዋን ለይተው ያውቁታል።

«ልጅ አለችኝ» አሉ። «ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ሌሊት ስነቃ በበሩ ሥር መብራቷ ይታየኛል። አትተኛም። እኔ ወጥቼ ስሄድ እሷን የሚረከበኝ ሰው የለም።» ወደ ሚጡ አመለከቱ። «ይቺውልሽ።»

ሚጡ ስታስታምማቸው የኖረች መስሏት ነበር። ለካ እናትየው ከፈረቃቸው አልወረዱም፤ ማሽናቸው እሷ ነበረች።

የሌሊቷ አስታማሚ ሚጡን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው ኮስተር ብላ።

«ስንጥቅ የለባትም?» አለች።

«ደክሟታል እንጂ ስንጥቅስ የለባትም» አሉ እማማ ፈረቃ። «ተረክበሻል?»

«ተረክቤያለሁ እማማ።»

ያኔ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

ሻለቃ አፍንጫውን ጠረገ። ትእዛዝ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን፣ «እማዬ፣ ለእኔስ ሥራ የለም?» የሚል ነው።

«አንተ ማን ነህ?»

«ልጅሽ ነኝ።»

እማማ ፈረቃ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ልጄ አርፋጅ ነው» አሉ። «ግድ የለም። እሑድ ሰው ይጎድለናል። እሑድ እሑድ ግባ፤ እንዳታረፍድ።»

ሻለቃ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ተረክቤያለሁ» አለ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እሑድ እሑድ እንዴት እንደሚመላለስ ያን ጊዜ አላሰበበትም። እስከ ዛሬ ግን እየተመላለሰ ነው።

ያን ማታ ሚጡ የሶፋውን መብራት አጠፋች። የገዛ አልጋዋ ላይ ከወጣች ስንት ጊዜዋ! የምታመሰግነውን ሁሉ ስም በስም ልትጠራ ጀመረች፤ ሳቂታዋን፣ የሌሊቷን፣ ያቺን ጆሮዋ የተቃጠለ ደንበኛዋን፣ ያንን የክር ፋብሪካ። ወንድሟ ላይ ሳትደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ፀሐይ ብርድ ልብሷ ላይ ነበረች። ከግድግዳው ወዲያ የሌሊቷ አስታማሚ ለሻለቃ ስታስረክብ ይሰማል፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ትራስ ሥር ስለተገኘው ዳቦ። ሻለቃ በዚያ ወታደር ቤት በማያውቀው ድምፁ፣ «ተረክቤያለሁ!» ይላል።

«ልጅቷስ?» አሉ እማማ ፈረቃ።

«ተኝታለች እማማ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

«እሰይ» አሉ። «በሉ አሁን ቀስ ብላችሁ አውሩ፣ እንዳትቀሰቅሷት።»

ሚጡ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና፣ የእናቷ ርክክብ እንዳይበላሽባቸው ዓይኗን ጨፍና ዝም ብላ ተኛች።