ማሽኑ የጮኸበት ቦታ

«ይሄ ማሽን እኮ የሚናገረው በእኔ እጅ ብቻ ነው። እናንተ ስትይዙት ያኮርፋል» አለች ሬዲዮ፣ አዲሱን የወርቅ መፈለጊያ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ። «ዛሬ ወርቅ ሳላወጣ ከዚህ ወንዝ ዳር አልመለስም። ነግሬያለሁ!»

ሬዲዮ የሚሏት ወሬዋ ስለማይቋረጥ ነው። ስሙን ያወጣላት ጉድጓድ ቆፋሪው ዶማው ሲሆን፣ እሱም ዶማው የተባለው በእሷ አፍ ነው። ተካክሰዋል።

«እንግዲያው ዛሬ ያንቺ ቀን ነው፣ ልጄ» አሉ የቡድኑ ትልቅ ሰው አለቃ፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው። «ካገኘሽ ማሽኑ በእጅሽ ይቆያል። ካጣሽ ግን ነገ ለዶማው ትሰጪና ወደ ጭቃሽ ትመለሻለሽ።»

ጭቃ ማለት ከጉድጓድ የወጣውን አፈር በጆንያ ተሸክሞ ወደ ውሃው ማውረድ ነው። የጆንያው ገመድ ትከሻዋ ላይ የማይለቅ መስመር ትቶባታል፤ ገበያ ስትወጣ በነጠላ ትሸፍነዋለች። ከዚያ መስመር የምታመልጥበት መንገድ ይኸው ማሽን ብቻ መስሎ ታይቷታል።

ቡድኑ አራት ሰው ነው። ማሽኑን የገዙት ድርሻቸውን ለወራት ሳይነኩ አጠራቅመው ነው። የሬዲዮ እናት ብቻ ማዋጣት አልቻለችም። «የለኝም» ስትል መሬት መሬት እያየች ነበር። አለቃም «አንቺማ እጅሽ ይበቃናል» ብለው የእሷን ከዶማው ጋር ተካፍለው ሸፈኑላት። እውነታቸውን ነው። በየምሽቱ ገበቴው ውስጥ የሚቀረውን ጥቁር አሸዋ አጥቦ ወርቁን ብቻ ማስቀረት የእሷ ሥራ ነው። ውሃውን እንደ እሷ ቀስ አድርጎ የሚያሽከረክር የለም። አጥባ ስትጨርስም ሁለት እጇን እዚያው ገበቴ ውስጥ ታለቀልቅና ጣቶቿን ዘርግታ ለሁሉም ታሳያለች። ማንም አላዘዛትም፤ ደንቡን ያመጣችው ራሷ ናት።

ማሽኑ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ፕላስቲክ ማንም እንዳይልጣት ሬዲዮ ከልክላለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ከታች ያለውን ክብ ሳህን መሬቱን ሳያስነካ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ጀመረች። ገና ሁለቴ ሳትራመድ ማሽኑ ጮኸ።

«እዚህ!»

ዶማው ቆፈረ። ቆርኪ ወጣ።

«እዚህ! ይሄማ አንደኛ ነው!»

የዛገ ሚስማር። ቀጥሎ የጣሳ ክዳን። ቀጥሎ ደግሞ ቆርኪ፤ ከዚያም የቆርኪው ወንድሞች በሙሉ።

«ሬዲዮ፣ ትንሽ ብትገፊበት ግሮሰሪ እንከፍታለን» አለ ዶማው ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ቆርኪው ሞልቶልናል። የቀረን ቢራው ነው።»

«ማሽኑ ገና እየለመደ ነው እሺ!»

«ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?»

ከማዳመጫው ሥር ጆሮዋ ጋለ። በስልክ ባየችው ቪዲዮ አንድ ሰውዬ ማሽኑ አንዴ ሲጮህለት አውራ ጣት የሚያህል ወርቅ መዝዞ ያወጣል። እሱም ከዚያ በፊት ስንት ቆርኪ እንደለቀመ ማን ቀርጾ ያሳያታል? ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ወንዙ ዳር ዶሮ የጫረው ጓሮ መስሏል። ጠዋት ላባ የነበረው ማሽንም ክርኗን ይጎትታት ጀመር።

«ይበቃል፣ ልጄ» አሉ አለቃ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ ያዘኑላት ይመስላሉ። ዶማው እንኳን መቀለዱን ተወ፤ ይሄኛው ከሁሉ ባሰባት።

ማሽኑን ሳታጠፋ ዳገቱን ወደ ድንኳናቸው ወጣች። እናቷ ከድንኳኑ ፊት ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። ሬዲዮ ፊቷን ላለማሳየት ወደ ጓሮ ዞረች። ለመፈለግ አልነበረም፤ እጇ ስለለመደ ብቻ ሳህኑን ያወዛውዛል። የፕላስቲኩ የውሃ በርሜል አጠገብ ስትደርስ ግን ቆመች።

ይሄኛው ድምፅ እንደ ጠዋቱ የሚቧጥጥ አይደለም። ክብና ሙሉ ነው። ከግራም ብትመጣ ከቀኝም እኩል ይመልስላታል።

«እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?» እናቷ መርፌውን እንደያዘች ብድግ ብላ መጥታለች።

«እማ፣ ስሚው! ስሚው እስቲ!»

«ጥራጊ ነው የደፋሁበት። ሂጂ ወደ ወንዙ።»

«ጥራጊ እንዲህ አይጮህም! ጠዋቱን ሙሉ ጥራጊ ስሰማ አይደል የዋልኩት?»

«አጥፊው ብዬሻለሁ። ነይ ጆንያ እንስፋ።»

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እናቷ የእጇን አንጓ ያዘቻት። የእናቷ እጅ በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል። ሬዲዮ አየቻት። እማ እንኳን አታምነኝም አለች በልቧ፤ እንደ ሌሎቹ ወንዙ ዳር ሳትውል እንኳን ቆርኪ ነው ብላ ደምድማለች። ቀኑን ሙሉ የዋጠችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ጮኸችው።

«አለቃ! ዶማው! ኑ! ቶሎ ኑ!»

እናቷ አንጓዋን ጣት በጣት ለቀቀቻት።

በርሜሉን ገልብጠው ቆፈሩ። «አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ሰው የነካው ይመስላል» አለ ዶማው። ሬዲዮ አልሰማችውም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክካ በእጇ አፈሩን እየዛቀች ነበር። በጨርቅ የተጠቀለለ የወተት ጣሳ ወጣ።

«ኧረ ደግሞ ጣሳ!» ብሎ ዶማው ሳቀ።

ነጥቃው ጨርቁን ፈታች፤ ክዳኑን በጥርሷ አላቀቀችው። ቢጫው ዓይኗ ላይ አበራ።

«ወርቅ! አላልኳችሁም? ወርቅ እኮ ነው! አላልኳችሁም?»

እየዘለለች ፊታቸውን ለማየት ዞረች። የምትዘለው ብቻዋን ነበር።

ያኔ መልሳ ጣሳውን አየች። ወርቁ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ፍሬ ጥቁር አሸዋ የለበትም። መሬት እንዲህ አጥቦ አያስቀምጥም። በዚህ ወንዝ ላይ እንዲህ የሚያጥብ እጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እናቷ በእጥበቱ መሃል ወርቅ በሚጣበቅባቸው እርጥብ ጣቶቿ ሻሿን የማስተካከል ልማድ ነበራት። ሁሉም የሚያያት እጇን አለቅልቃ ስትዘረጋ ነው፤ ሻሿን ማን ያያል?

ጨርቁንም አወቀችው። አጥሮባት የተወችው የትምህርት ቤት ቀሚሷ ጫፍ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሲሰለቻት በእስክሪብቶ የሞነጫጨረችበት አበባ ሳይቀር አለ። ትምህርቱን ያቋረጠች ቀን እናቷ «ለጊዜው ነው» ብላት ነበር። «ማን ፈልጎት!» ብላ ነበር ሬዲዮ የመለሰችላት።

አለቃ የተገለበጠው በርሜል ላይ ቁጭ አሉ። ወርቁን ያያሉ፣ እናቷን አያዩም። ዶማው ሳቁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ግማሹ ፊቱ ላይ ቀርቷል። እናቷ አንገቷን ሳትደፋ ቆማለች፤ የጆንያው ክር ከእጇ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ምነው ቆርኪ በሆነ! ሬዲዮ ጣሳውን መልሳ ብትቀብረው፣ እሷም አብራው ብትገባ ወደደች። አንገቷ ላይ የወረደው ማዳመጫ አሁንም በቀጭኑ ይጮሃል። ማጥፊያውን ብትዳብስ አጣችው።

«የኔ ነው» አለች።

ሁሉም ዞሩባት።

«እኔ ነኝ የቀበርኩት። ትንሽ ትንሽ እያነሳሁ። እማ ምንም አታውቅም።»

«አንቺ?» አሉ አለቃ።

«አዎ እኔ! ምን ይገርማል?»

«ራስሽ ቀብረሽ ነው ታዲያ ጠርተሽ ያስቆፈርሽኝ?» አለ ዶማው፣ እንደ መለመን ባለ ድምፅ።

«ረስቼው ነዋ! ሰው አይረሳም?»

አለቃ በተስፋ ይሁን በድካም ወደ እናቷ ቀና አሉ። እሷም ጣሳውን ከልጇ እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደችና በሁለት እጇ እሳቸው ፊት መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ዝም በይ» አለች ሳትዞር። «አንቺ ብትቀብሪው ኖሮ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ወንዝ ማዶ ድረስ በተሰማ።»